የሌሊት ወፎቹ የለቀቁት ዋሻ

ይህን ታሪክ ለማንም በሙሉ ተናግሬው አላውቅም። ለባለቤቴ ግማሹን ነግሬዋለሁ። ለልጆቼ ደግሞ ዋሻውንና የሌሊት ወፎቹን ብቻ፣ እንደ ተረት አድርጌ። ዛሬ ልጻፈው ያልኩት በመጻፌ የሚጎዳ ሰው ስለሌለ ነው።

ያኔ ለሁለተኛ ዲግሪዬ የሥነ ሕይወት ትምህርት የምማር ልጅ ነበርኩ። ሰዎች "ምን ታጠኛለሽ?" ሲሉኝ "የሌሊት ወፍ" እላለሁ። እሱንም ፊታቸውን አጨፍግገው ነበር የሚሰሙኝ። እውነቱ ደግሞ የባሰ ነው። የማጠናው የሌሊት ወፏን ሳይሆን ገላዋ ላይ የሚኖረውን ቅንቅን ነበር።

ቅንቅን ስል የዶሮውን አታስቡ። ከመዥገር ወገን የሆነ፣ ስምንት እግር ያለው፣ ከጤፍ ፍሬም የሚያንስ ፍጥረት ነው። ሥራዬ ከወፏ ላይ በወረንጦና በቀጭን ብሩሽ ለቅሞ አልኮል ውስጥ ማስገባት፣ ከዚያ በማይክሮስኮፕ የጀርባውን ጋሻ ቅርጽ፣ የፀጉሮቹን አቀማመጥና የእግሩን ጥፍር እያየሁ ከየትኛው ዘር እንደሚመደብ መለየት ነበር። አንዷን ስገለብጥ ውዬ ዓይኔ ደም ለብሶ እወጣለሁ። ደስ ይለኝ ነበር። ከተማው ውስጥ ማን ታሰረ፣ ማን ጠፋ ሲባል እኔ በዚያች ክብ ብርሃን ውስጥ ከማንም ወገን ያልሆነ ፍጥረት አያለሁ። ታላቅ ወንድሜ በቀይ ሽብር ጊዜ ከቤት እንደወጣ ቀርቷል። ከዚያ ወዲህ እናቴ የምትመክረኝ አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ "ትርሲት፣ አደራሽን፣ ሰው የማይነካውን ትምህርት ተማሪ።" ሰው የማይነካውን አገኘሁላት።

አማካሪዬ የላስታ ዋሻዎች ውስጥ ያሉትን የሌሊት ወፎች ማንም እንዳላጠናቸው ነገረኝ። ደብዳቤ ተጻፈልኝና በጭነት መኪና ላሊበላ ገባሁ። ትልቁ ድርቅ ሰውን ከጨረሰ ብዙም አልቆየም ነበር። በየመንገዱ የምናየው ሰው ወይ ወደ እርዳታ ማደያ የሚሄድ ነው፣ ወይ ለሰፈራ ተመዝግቦ መኪና የሚጠብቅ። አንዳንዱ ወዶ ተመዝግቧል። ብዙው ግን ገበያ ውሎ ሲመለስ ታፍሶ ነው፤ ባል ለብቻው፣ ሚስት ለብቻዋ ወደማያውቁት ቆላ ተጭነዋል። ይህን ያኔ ሁሉም ያውቀው ነበር። የሚናገረው ግን የለም።

የአካባቢው ካድሬ ጓድ ደረጀ ይባላል። ካኪው የተተኮሰ፣ ጫማው የተወለወለ፣ ከእኔ ብዙም የማይበልጥ ወጣት ነው። ደብዳቤዬን ሁለት ጊዜ አነበበው።

"ለቅንቅን ነው ከአዲስ አበባ ድረስ የመጣሽው?"

"አዎ፣ ጓድ።"

"በዚህ ጊዜ?"

ሳቀና ማኅተም አደረገበት። ብቻዬን እንዳልሄድ ፈንታው የሚባል የገበሬ ማኅበር ታጣቂ መደበልኝ።

ፈንታው የብልባላ ሰው ነው። አርባውን የተሻገረ፣ ከሲታ፣ ረጅም፤ አንገቱ ላይ ያለው ማተብ ላብ በልቶት የጠቆረ። ጠመንጃውን እንደ በትር ትከሻው ላይ አጋድሞ ከፊቴ ይሄዳል። ስናገር ይሰማል፣ ስጠይቀው በአጭሩ ይመልሳል። "እርስዎ" ነበር የሚለኝ፤ እኔም "አያ ፈንታው" እያልኩ በአንቱታ አነጋግረዋለሁ። ከላሊበላ ወደ ብልባላ በእግር ስንሄድ በራቸው በእሾህ የታጠረ ባዶ ቤቶች አለፍን። የማን እንደሆኑ ጠየቅሁት።

"የሰው ናቸው" አለኝ።

የመጀመሪያዎቹን ቀናት ትንንሽ ዋሻዎች እያዞረ አሳየኝ። በአንዳንዶቹ የሌሊት ወፍ አገኘሁ። በመረብ እይዛለሁ፣ ክንፏን ዘርግቼ ቅንቅኖቹን እለቅማለሁ፣ መልሼ እለቃታለሁ። ያገኘሁት ሁሉ የክንፉ ዓይነት ነበር። እሱ እዚያው ክንፉ ላይ ተወልዶ እዚያው ይሞታል፤ ከወፏ አይወርድም። እኔ የምፈልገው ግን ሌላውን ነበር፤ በድንጋዩ ስንጥቅ ውስጥ ተደብቆ የሚኖረውን፣ ሲርበው ብቻ ወደ ወፏ ወጥቶ ደም ጠጥቶ የሚመለሰውን። ለሱ ብዙ ወፍ ለረጅም ዘመን የኖረበት ትልቅ ዋሻ ያስፈልጋል።

አንድ ቀን ከጋራ ላይ ሆነን ቁልቁል ስመለከት፣ ጽድ በበዛበት ገደል ወገብ ላይ ጥቁር አፍ አየሁ።

"ያኛውስ?"

ፈንታው ቀና አላለም። "እዚያ አይኬድም።"

"ለምን?"

"ክፉ ነገር አለበት። አገሩ ሁሉ ያውቀዋል፣ የገባ ሰው ደኅና አይወጣም።"

እንደ ተማረ ሰው ፈገግ አልኩ። ክፉ የተባለ ዋሻ ሁሉ የሌሊት ወፍ የሞላበት እንደሆነ በልምድ አውቃለሁ። ካላየሁት እንደማልመለስ ነገርኩት። ማሰሪያው የላላ ይመስል ጫማውን ጎንበስ ብሎ ነካካ። ሲነሳ "እንግዲያ ነገ ጠዋት" አለ።

በማግስቱ ስንሄድ መንገዱ ከወትሮው ረዘመብኝ። ያለ ምክንያት ዞር ዞር የሚያደርገኝ መሰለኝ። ገደሉ ስር ስንደርስ ጮክ ብሎ ማውራት ጀመረ። ስለ ዝናቡ፣ ስለ በሬዎቹ፣ ስለማላውቃቸው ሰዎች። ያ ሁሉ ቀን ዝም ያለ ሰው አሁን ምን ነካው አልኩ በሆዴ።

የዋሻው አፍ ጎንበስ ተብሎ የሚገባበት ነው። ውስጡ ግን እንደ አዳራሽ ይሰፋና ወደ ግራ ታጥፎ ሌላ ክፍል ይገባል። እኔ ባትሪዬን ይዤ ገባሁ፤ ፈንታው አፉ ላይ ቆመ። የመጀመሪያው ክፍል ጣሪያ ላይ ጥቂት የሌሊት ወፎች ተንጠልጥለዋል። መሬቱ ላይ ያለው ኩስ ግን የጥቂት ወፍ አይደለም፤ ጉልበቴ ድረስ የተቆለለ፣ የዘመናት ነው። ይህን ያህል ኩስ ያጠራቀሙት ወፎች የት ሄዱ?

ወደ መታጠፊያው ስጠጋ ቁርጭምጭሚቴን አንድ ነገር አሳከከኝ። ባትሪውን ወደ እግሬ መለስኩት። ካልሲዬ ላይ እንደ ቀይ አቧራ የሚንቀሳቀስ ነገር አለ። ተንበርክኬ አየሁት። የምፈልገው ቅንቅን ነበር፤ በመቶ የሚቆጠር፣ ሆዱ የተጣበቀ፣ እየሮጠ ወደ ላይ የሚወጣብኝ።

ደስ አለኝ። ብልቃጥ አውጥቼ መልቀም ጀመርኩ። እየለቀምኩ ሳለሁ ግን ደስታዬ ቀስ በቀስ ወደ ሌላ ነገር ተለወጠ። ይህ ፍጥረት ስንጥቁን ለቅቆ መሬት ለመሬት የሚሮጠው፣ ሰው ላይ የሚወጣው፣ የሌሊት ወፍ ሲያጣ ብቻ ነው። ወፎቹ የለቀቁት በቅርብ መሆን አለበት፣ ቢቆይ ኖሮ ሞቶ ያልቅ ነበር። የሌሊት ወፍ ደግሞ ዘመን የኖረበትን ዋሻ ዝም ብሎ አይለቅም።

ባትሪዬን ወደ መታጠፊያው ጣሪያ አነሳሁት። ድንጋዩ በአዲስ ጥላሸት ጠቁሯል።

ስዞር ፈንታው ከኋላዬ ቆሟል። ሲገባ አልሰማሁትም። ጠመንጃው ትከሻው ላይ አልነበረም፣ በእጁ ይዞታል።

"ምን አገኙ?" አለኝ።

"ቅንቅን።"

ክንዱን አከከ። የእሱም ክንድ በቀያይ ነጠብጣብ ተሞልቷል፤ የዛሬ ብቻ አይደለም፣ የቆሰለና የደረቀም አለበት። እስከዚያች ደቂቃ ድረስ ልብ አላልኩትም ነበር።

"ሰው ይበላል?"

"ሲርበው።"

"ለምን ራበው?"

ዓይኔ ሳልፈልግ ወደ ጥላሸቱ ሄደ፤ የእሱም ዓይን ተከተለው።

"ዛሬ እዚህ ዋሻ እንደምንመጣ ለማን ነግረሻል?" አለኝ። "እርስዎ" ማለቱን ትቶታል።

"ለማንም።"

መልሱ ከአፌ ከወጣ በኋላ ነው ትርጉሙ የገባኝ። እዚያ ብቀር የት እንደቀረሁ የሚያውቅ የለም። ጠመንጃውን አላነጣጠረብኝም። ግን ፊቱ ላይ ያየሁትን እስከ ዛሬ አልረሳውም፤ ሊጥሉት የከበደን ሸክም ይዞ የቆመ ሰው ፊት ነው። ኩሱ ላይ ተቀመጥኩ።

"አያ ፈንታው፣ እኔም ወንድም ነበረኝ" አልኩት። ለምን እንዳልኩ አላውቅም። "ወስደውት ቀረ። የት እንደተቀበረ እንኳ አላውቅም።"

ከውስጠኛው ክፍል የሴት ድምፅ መጣ።

"ፈንቴ፣ ተዋት። ትግባ። እናታችን ብሶባታል።"

ድምፁ የብርቄ ነው፤ የፈንታው እህት ናት። ባሏን ገበያ ላይ አፍሰው ለሰፈራ ሲወስዱት እሷን ሊወስዱ በማግስቱ ቤት መጡ። ፈንታው ቀደም ብሎ ሰምቶ ኖሮ እሷን፣ ሁለት ልጆቿንና አሮጊት እናታቸውን እዚህ ደብቋቸዋል። ጠመንጃ ያሸከመው መንግሥት ሰው ሲያሳፍሰው ይውላል፣ እሱ ከቤቱ ጥሬ ቋጥሮ እዚህ ያመጣል። ገደሉ ስር ያን ሁሉ ያወራው ለእነሱ እንዲሰማ ነበር።

ውስጠኛው ክፍል ገባሁ። ባትሪዬን ወደ መሬት አድርጌ ነው የያዝኩት፤ ፊታቸው ላይ ማብራት አስፈራኝ። ልጆቹ ጥግ ላይ ተቃቅፈው ገላቸውን ያክካሉ። ቆዳቸው አንድ ጤነኛ ቦታ የለውም። አሮጊቷ እማማ ዘውዴ ጋቢ ተከናንበው ተኝተዋል። ሲስሉ ደረታቸው እንደ ተቀደደ ወናፍ ያፏጫል።

"የተማርሽ ነሽ አሉኝ" አሉኝ። "ይሄ የሚበላን ምንድን ነው፣ ልጄ? ቁጣ ነው?"

"ቁጣ አይደለም፣ እማማ። የሌሊት ወፎቹ ቅንቅን ነው። ወፎቹ በጭሱ ሲሄዱበት ወደ እናንተ መጣ።"

"መድኃኒቱስ?"

የጀርባ ጋሻው ስንት ፀጉር እንዳለው ልነግራቸው እችል ነበር። ከየትኛው አህጉር ዝርያ ጋር እንደሚመሳሰል ልነግራቸው እችል ነበር። መድኃኒቱን ግን ማንም አላስተማረኝም፣ እኔም ጠይቄ አላውቅም። ካሰብኩ በኋላ የማውቀውን ነገርኳቸው። እሳቱን ቢያጠፉ ወፎቹ ይመለሳሉ፤ ቅንቅኑም ወደ ወፎቹ ይሄዳል። ልብሱን ቀን ቀን ፀሐይ የሚነካው ድንጋይ ላይ ቢያሰጡት ይቀንሳል።

ብርቄ ሳቀች፤ የመረረ ሳቅ ነው። "እሳቱን ካጠፋሁ እናቴን ብርዱ ይገድላታል። ልብሱን ካሰጣሁ ያዩኛል።"

ያለኝን አልኮል ለቁስሉ፣ ሹራቤን ለአሮጊቷ ሰጠኋቸው። ስወጣ እማማ ዘውዴ እጄን ይዘው ሳሙት። እንዲህ ያለ ስጦታ ተቀብዬ አላውቅም፤ ምንም ሳላደርግ።

ጋራው ጫፍ ላይ ስንደርስ ፈንታው ቆመ። ከዚያ "ምን ልታደርጊ ነው?" አለ።

"ምንም። ቅንቅን ለቅሜ ተመለስኩ።"

ራሱን ነቀነቀ። ያመነኝ አልመሰለኝም። አማራጭም አልነበረውም።

ብልባላ ስንደርስ የገበያ ቀን ነው። ሰው ግን እንደ ገበያ አይጮህም። ጓድ ደረጀ በበቅሎ ከታጣቂዎች ጋር መጥቶ ዛፍ ስር ወንበር ተዘርግቶለት ተቀምጧል። ጠራኝ። አንገቴንና እጄን እያከክሁ ፊቱ ቆምኩ።

"የት ነበራችሁ?"

ፈንታው አፉን ከመክፈቱ በፊት "ከጽዱ ገደል ካለው ዋሻ" አልኩ። ከጋራው ስንወርድ ያየን ሰው እንዳለ አውቃለሁ፤ ብዋሽ ይጋለጣል።

"ጥሩ። እኔም ስለሱ ልጠይቅሽ ነው። ጭስ ይታያል ይሉኛል። ከሰዓት በኋላ ሰው ልልክ ነበር። ውስጡ ሰው አለ?"

ፈንታውን አላየሁትም። ባየው ኖሮ ሁላችንም አልቀን ነበር።

"ሰው ሊኖርበት አይችልም፣ ጓድ" አልኩ። የሱሪዬን ጫፍ ሰብስቤ እግሬን አሳየሁት። አብጦ ቀልቷል። ብልቃጡን አውጥቼ ፊቱ ላይ አነሳሁት፤ በአልኮሉ ውስጥ ቀይ ዝቃጭ ይታያል። "ጥቂት ነው የቆየሁት፤ እንዲህ አደረገኝ። እዚያ የሚያድር ሰው አይተርፍም።"

ወንበሩን ወደ ኋላ ገፋ አደረገ። "በሽታ ያስተላልፋል?"

የሚያስፈራውን ፈለግሁ። በየመጠለያው ሰውን ሲረፈርፍ የነበረው ግርሻ የሚባለው ትኩሳት ነው፤ ስሙ ሲጠራ ታጣቂው ሁሉ አንገቱን የሚያሻሽበት።

"ግርሻ ሊያስተላልፍ ይችላል" አልኩ። ቅማል እንጂ ይህ ቅንቅን ግርሻ እንደማያስተላልፍ አውቅ ነበር።

ጓድ ደረጀ ከኪሱ መሐረብ አውጥቶ አፉን ያዘ። አሸነፍኩ ብዬ ነበር። አሁን ሰው ወደዚያ አይልክም፣ ይፈራል፣ ይተወዋል አልኩ። ጥቂት አሰበ። ከዚያ እንደ ጥሩ አስተዳዳሪ፣ የሕዝብ ጤና እንደሚያሳስበው ሰው ተናገረ።

"እንግዲያ ይዘጋ። ዛሬውኑ። በድንጋይ ግጥም ተደርጎ ይዘጋ።"

ገበያ ከወጡት ገበሬዎች ጥቂቶቹ ተመርጠው ተመለስን። ጓድ ደረጀ በበቅሎ፣ እኔ "ባለሙያዋ" ተብዬ ከጎኑ፣ ፈንታው ከፊት። መንገዱ ጠዋት ረዝሞብኝ ነበር፤ አሁን እንዲረዝም ብጸልይም ቶሎ አለቀ። ዋሻው አፍ ስንደርስ ፈንታው "አስቀድሜ ውስጡን ልፈትሽ፣ ጓድ?" አለ።

"አትግባ። በሽታውን ይዘህ ልትወጣብን ነው?"

ፈንታው ጠመንጃውን አስቀመጠ። የመጀመሪያውን ድንጋይ ያነሳው እሱ ነው። ወደ ዋሻው ፊቱን አዙሮ፣ ገበሬዎቹን የሚያዝ መስሎ፣ ጮክ ብሎ "አፉን ዛሬ እንዘጋዋለን። እኔ ራሴ መጥቼ እስክከፍተው ድረስ ማንም እንዳይነካው" አለ። ድምፁ ውስጥ ገብቶ ተመልሶ ወጣ።

ድንጋዩ ተራ በተራ ተደረደረ። ወገብ ደረሰ። ደረት ደረሰ። ያን ጊዜ ከውስጥ ሳል መጣ። አንድ ሳል፣ የታፈነ። ድንጋይ ተሸክሞ የቆመ አንድ ገበሬ ቀጥ አለ። ፈንታውን አየው፣ ከዚያ እኔን። ሸክሙን ቀስ ብሎ ካቡ ላይ አኖረና ሌላ ሊያመጣ ሄደ። እነዚያ ሰዎች ሁሉ በዚያች ቅጽበት አወቁ። አንዳቸውም አልተነፈሱም።

ጓድ ደረጀ ራቅ ብሎ በቅሎው አጠገብ ነበር። የሰማ መሰለኝ። መናገር ጀመርኩ። ስለ ሌሊት ወፍ፣ ስለ ክንፏ፣ ስለ ጆሮዋ፣ ምን እንደምትበላ፣ ስንት እንደምትወልድ፤ ትንፋሽ ሳልወስድ፣ ድምፄን ከፍ አድርጌ፣ ክፍል ውስጥ እንዳለሁ። ሰውየው እንደ እብድ አየኝ። ካቡ ከጣሪያው ሊገጥም ጥቂት ሲቀረው ፈንታው እጁ ዘገየ። የመጨረሻውን ድንጋይ ያዞረዋል፣ ያነሳዋል፣ አይገጥምም ብሎ ይጥለዋል። እናቱን በእጁ እየቀበረ ነበር።

"ጓድ" አልኩ፣ "ግጥም ተደርጎ ከተዘጋ ስህተት ነው።"

"እንዴት?"

"የቀሩት ወፎች ውስጥ ይሞታሉ። ሲሞቱ ቅንቅኑ ይራባል፤ በካቡ ስንጥቅ ሁሉ ወጥቶ ወደ ሰፈሩ ይወርዳል። ከላይ ወፎቹ የሚወጡበት ቀዳዳ ይተው። ወፍ እስካለ ድረስ ቅንቅኑ ከዋሻው አይወጣም።"

ይህኛው ውሸት አልነበረም። በሕይወቴ የተማርኩት ትምህርት ሁሉ ለዚያች ዓረፍተ ነገር የተጠራቀመ ይመስለኛል።

ጓድ ደረጀ መሐረቡን ከአፉ ሳያነሳ "ምን ያህል?" አለ።

"ሁለት ጭብጥ ቢሆን ይበቃል።"

"ተዉት እንግዲያ።"

ፈንታው እኔን ወደ ላሊበላ እንዲያደርስ ታዘዘ። የታመመ ዘመድ አለኝ ብሎ ሊቀር ሞከረ። ጓድ ደረጀ "መጀመሪያ ግዳጅህን" አለው። ሌሎች ታጣቂዎች አብረውን ስለነበሩ በመንገድ አንድ ቃል አልተለዋወጥንም። ላሊበላ ሲያደርሰኝ ብቻ፣ ሻንጣዬን ከትከሻው እያወረደ፣ መሬት መሬት እያየ "ቀዳዳው ጥሩ ነው" አለኝ። ዞሮ በመጣበት መንገድ ሄደ። ሲሮጥ ሰው እንዳያየው እየታገለ እንደሚራመድ ከኋላው ያስታውቅ ነበር።

አዲስ አበባ ተመለስኩ። ዋሻው ተከፍቶ ይሁን አይሁን የምጠይቀው ሰው አልነበረም። መጠየቅ ማለት ማጋለጥ ነው። ብልቃጡን ማይክሮስኮፕ ስር አደረግሁት። ከመጻሕፍቱ ውስጥ ካሉት ከአንዳቸውም ጋር አልገጠመም፤ ማንም ስም ያልሰጠው አዲስ ዘር ነበር። አማካሪዬ ከወንበሩ ተነስቶ ጨበጠኝ። "የት ነው ያገኘሽው? ትክክለኛውን ቦታ ጻፊልኝ" አለ። አዲስ ዘር ሲሰየም የተገኘበት ቦታ አብሮ ይታተማል። መለያው ወረቀት ጠፋብኝ አልኩት። ለረጅም ጊዜ ተቆጣኝ። ያ ፍጥረት እኔ እስከማውቀው ድረስ ዛሬም ስም የለውም።

ትምህርቴን በሌሎቹ ዋሻዎች ቅንቅን ጨረስኩ። ከዚያ ግን ወደዚያች ክብ ብርሃን እንደ ድሮው መመለስ አልቻልኩም። አሮጊቷ "መድኃኒቱስ?" ያሉኝ ጥያቄ ከጆሮዬ አልወጣ አለ። የሰው ገላ ላይ ወደሚኖሩት ዞርኩ። ቅማል፣ ቁንጫ፣ እከክ። የተቀረውን ዕድሜዬን በመጠለያ፣ በእስር ቤት፣ በስደተኛ ካምፕ፣ ሰው በተፋፈገበት ሁሉ ልብስ እያስቀቀልኩ፣ የተባይ ማጥፊያ ዱቄት እያስነሰነስኩ አሳለፍኩ።

እናንተ የምታነቡኝ፣ ምናልባት ልጆቻችሁን "ሰው የማይነካውን ተማር" ብላችሁ የምትመክሩ ትኖሩ ይሆናል። እናቴን አልወቅሳትም፤ አንድ ልጇን በልተውባታል። ግን እንዲህ ያለ ትምህርት የለም። እኔ በአጉሊ መነጽር ፈልጌ ያገኘሁት ትንሹን፣ ከሰው የራቀውን ፍጥረት ነበር። እሱ ደግሞ እግሬን ነክሶ ወስዶ እነዚያ ሰዎች ፊት አቆመኝ።

ደርግ ከወደቀ በኋላ ወደ ብልባላ ሄድኩ። ፈንታውን ጠየቅሁ። በመጨረሻው ዓመት ለጦርነት ተወስዶ እንዳልተመለሰ ነገሩኝ። እህቱ ግን አለች አሉኝ። ቤቷ ስደርስ ብርቄ ደጇ ላይ እህል ታበጥራለች። ፀጉሯ ሸብቷል። ለአፍታ አየችኝና ሰፌዱን አስቀመጠች።

"የቅንቅኗ" አለች።

ውስጥ አስገብታ የሆነውን ነገረችኝ። ፈንታው በማግስቱ ደርሶ ካቡን አፈረሰው። እሷና ልጆቿ በሕይወት ነበሩ። በጽዱ ውስጥ ውስጡን ወስዶ ሙጃ ከሚባለው አገር ማዶ ዘመድ ዘንድ አሻገራቸው። ባሏ ከሰፈራ አልተመለሰም፣ ልጆቹ ግን አድገዋል፤ አንዷ አግብታለች።

"እማማ ዘውዴስ?"

ብርቄ እጇን ጭኗ ላይ አደረገች።

"ያቺን አንዷን ሳል ሳለች፣ ሰምተሻል አይደል? ከዚያ ሌላው መጣባት። ነጠላዋን ጠቅልላ አፏ ውስጥ ከተተች። ልይዝላት ብሞክር እጄን ገፋችው፣ ወደ ልጆቹ አመለከተችኝ። አንቺ ውጭ ስለ ወፍ ታወሪያለሽ፤ እሷ ውስጥ እንዲያ እያለች ነው። ድንጋዩ ሲያልቅ፣ በቅሎው ሲሄድ፣ ነጠላውን ላወጣላት ጎተትኩ። አልፋ ነበር።"

ጭኗ ላይ ያለውን እጇን ያዝኩት።

"ቀዳዳው እንዲቀር ባታደርጊ ሁላችንም እዚያው ነበርን" አለችኝ።

"ባልመጣስ ኖሮ?" አልኳት።

ሊያጽናናኝ የሚችል ነገር ብትናገር አልቀየማትም ነበር። ብርቄ ግን አልዋሸችኝም።

"እሱን እኔም ስንት ጊዜ አሰብኩት" አለች።

ከዚያ ነጠላዋን አደረገችና ተነሳች። ፈንታው ለጦርነት ከመወሰዱ በፊት የእናቱን አጽም ከዋሻው አውጥቶ ቤተ ክርስቲያኑ ግቢ እንዳሳረፈው ነገረችኝ። "ሩቅ አይደለም፣ ላሳይሽ" አለች። ከፊቴ ሆና እንደ ወንድሟ ፈጠን ፈጠን እያለች ሄደች፤ እኔም ተከተልኳት።